የዳለቻ ቀንድ

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ስፈልግ መሳቢያው ውስጥ ያለችው ጥቅል እጄ ገባች። የነጠላ ቁራጭ ናት። ውስጧ ሁለት የቀንድ ቁራጮችና ሁለት ብሎኖች አሉ። የአያቴ ሽጉጥ እጀታ ነበሩ። ሽጉጡ ግን የለም።

ሽጉጡ ምርኮ ነው። ሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ጦር በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ሲወጣ አርበኞችም ከጎኑ ተዋግተዋል። ከተማዋ ሚያዝያ 18 ተያዘች። አያቴ በዚያ ሰሞን ነው ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረኩት። ቤሬታ ነው፣ ሞዴል 1934 የሚባለው። ሰባት ጥይት ይጎርሳል። ብረቱ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር 1938 ይላል፣ አጠገቡ ደግሞ በሮማ ቁጥር 16። ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር እንቆቅልሽ ይሆንብኝ ነበር። ፋሺስቶቹ በፈረንጆች 1922 ሥልጣን ከያዙ ወዲህ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አያቴ የፋብሪካውን እጀታ አውልቀው ጣሉት። በምትኩ የበሬያቸውን የዳለቻን ቀንድ አስገቡ። ዳለቻ በዚያው ክረምት ነበር የሞተው። ዋንጫ የሚሠራ ሰው ቀንዱን ቀቅሎ አለሰለሰው፣ በሁለት ሳንቃ መሃል ተጭኖ ዘረጋው፣ ከዚያ ሞርዶ በብሎን አሰረው። ከላይ ጥቁር ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ማር እየመሰለ ይሄዳል። በግራው በኩል ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። የአያቴ አውራ ጣት የበላት ናት። የኔም አውራ ጣት ልክክ ብሎ ይገባባታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ከአውሮፕላን መስኮት የጠራ ፕላስቲክ እየቆረጡ ለሽጉጣቸው እጀታ ይሠሩ ነበር። ከሥሩ የሚስታቸውን ወይም የእጮኛቸውን ፎቶ ያደርጋሉ። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም የሚወዱትን ነው እጃቸው ውስጥ ያደረጉት።

ከቀንዱ ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ ሁለት የላቲን ፊደሎች በሚስማር ተጭረዋል። የመኮንኑ ስም መጀመሪያ መሆን አለበት። አባቴ አንድ ጊዜ፣ «አባባ፣ ይሄን ለምን አልፋቁትም?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«የሰው ስም ነው» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አባቴ ብረቱን ዘይት ሊቀባ ቀንዱን ፈትቶት ነበር። ልብስ እንኳ በቅጡ ሳንይዝ ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ቁም ሳጥኑ ተገልብጧል። ሽጉጡ ተወስዷል። ቀንዱን ማንም አልፈለገውም። የደሴ ሙዚየምም በዚያው ሰሞን ተዘርፏል። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ቀንዶች በመዳፉ ይዞ ብዙ ቆየ።

መሰብሰብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሽጉጥ አይደለም፤ ለእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012ም አለ። እኔ የምሰበስበው ፎቶና ታሪክ ነው። እስካሁን ስድስት ቤት ገብቻለሁ። ሆጤ ሰፈር አንዲት እናት እጀታው መሃል የማርትሬዛ ብር የተቀበረበት ሽጉጥ አሳዩኝ። ባላቸው ናቸው ያስቀበሩት፤ ለሠርጋቸው ከመጣው ብር አንዷን። ሴትዮዋ ሲያወሩ ብሯን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር።

ስለ አሮጌ መሣሪያ አውቃለሁ የሚል አንድ ሰው፣ እጀታው የፋብሪካው ካልሆነ ዋጋው ይወርዳል አለኝ። ሰብሳቢዎች ዘንድ እውነት ነው፣ የሚፈልጉት እንደተሠራ ያለውን ነው። ለኔ ግን በፍጹም አይዋጥልኝም። ያን ዓይነት ቤሬታ ፋብሪካው በብዙ ሺህ አምርቷል። የዳለቻ ቀንድ ያለበት አንድ ብቻ ነው።

መብራት እስኪመጣ ቀንዶቹን ይዤ ተቀመጥኩ። ሽጉጡ ዛሬ የት እንዳለ እንጃ። ይዞት ያለው ሰው ግን ሌላ እጀታ ካላሰረለት እነዚያን ሁለት ፊደሎች እያያቸው ነው።