ሻጋታ አይደለም፣ እማዬ

ዘንድሮ ለፋሲካ 72 ፍሬ ቸኮሌት ሠራሁ። 68ቱ ፊታቸው እንደ መስታወት አብረቀረቀ፣ ሲሰበሩም "ቀጭ" አሉ። አራቱ ላይ ግራጫ ነገር ጣል ብሎባቸው ስለነበር ማንም ሳያይ ራሴ በላኋቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ግራጫዎቹ 68፣ ደህናዎቹ አራት ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ልኩራራ፣ ታገሡኝ።

አጀማመሬ ከማናችሁም አይለይም። በዓል በመጣ ቁጥር ቶርታ ተሸክሞ ዘመድ መጠየቅ ሰለቸኝ። ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ክሬሙ ሱሪዬ ላይ ቀረ። ቸኮሌት ግን ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ አይፈስም። ከሱፐርማርኬት አራት ባር ገዛሁ፣ አቀለጥኩ፣ የበረዶ መሥሪያ ላስቲክ ላይ ገለበጥኩ፣ ፍሪጅ ከተትኩ። አንድ ጠብታ ውሃ ገብቶበት እንደ እርጥብ አፈር የተቋጠረብኝ ቀንም አለ። እሱን ሁላችሁም ስላለፋችሁበት አላወራውም። ቸኮሌቱ የሚቀልጥበት ዕቃ ደረቅ ይሁን፣ ከሥሩ የሚያሞቀው ውሃ አይንተክተክ፣ በቃ።

የዚያን ዓመት ገና ሣጥኑን በሪባን አስሬ አራት ኪሎ እማዬ ቤት ሄድኩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ሪባኑን ፈታች፣ ክዳኑን ገለጥ አደረገች፣ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ቡናው ዳቦ ብቻ ቀርቦለት ተጠጣ። እንግዶቹ ሲወጡ ወደ ጓዳ ጠራችኝና "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሻግቷል እኮ። ሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው" አለችኝ።

ሻጋታ አልነበረም። ይህን ለማስረዳት ግን እኔም ገና አላወቅኩትም ነበር።

ቸኮሌት ላይ የሚወጣው ነጭ ወይም ግራጫ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስቡ ነው፤ በጣት ሲያሹት ይጠፋል። ሁለተኛው ስኳሩ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቸኮሌት ሲያልበው እርጥበቱ ፊቱ ላይ ያለውን ስኳር ያሟሟዋል፣ ሲደርቅ ስኳሩ እዚያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይሄኛው ሲነኩት ይሻክራል። ሁለቱም አይጎዱም። ግን ስጦታ ሰጥቶ "አይጎዳም፣ ብሉት" ማለት ምን ዓይነት ስጦታ ነው?

የእኔው የስቡ ነበር። የኮኮዋ ቅቤ ሲረጋ ስድስት ዓይነት ክሪስታል መሥራት ይችላል። የምንፈልገው አምስተኛውን ብቻ ነው። የሚያብረቀርቀው፣ ቀጭ የሚለው፣ እጅ ላይ ቶሎ ሳይልፈሰፈስ አፍ ውስጥ 34 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው እሱ ነው። ዝም ብሎ አቅልጦ የተወው ሰው ግን የተደበላለቀ ነገር ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ጥቁር ቸኮሌትን መጀመሪያ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ያሞቁታል፣ ወደ 27 ወይም 28 ያወርዱታል፣ ከዚያ መልሰው 31 ወይም 32 ላይ ያደርሱታል። ቴምፐሪንግ የሚሉት ይሄንን ነው። ለወተት ቸኮሌት ከዚህ ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ሁለት ዲግሪ በጣት አይለይ። ከንፈራቸው ላይ አስነክተው የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ሞክሬው ከመላስ በቀር ያተረፍኩት የለም። ስለዚህ መርካቶ ወርጄ መርፌ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዛሁ።

ጉዴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ይፈተሻል፣ 100 ማለት አለበት የሚል አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ውሃ አፈላሁ፣ መርፌውን ነከርኩ፣ 92 አለኝ። ጠበቅኩ። 92። የሸጠልኝን ሰውዬ በልቤ ያላልኩት ነገር የለም። ተመልሶ መሄዱ ስለሰነፈኝ ግን አንድ "ብልሃት" ፈጠርኩ፦ ስምንት ዲግሪ እየደመርኩ ማንበብ። ወረቀት ላይ "+8" ብዬ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት።

በዚህ ሒሳብ ነው ወራት የሠራሁት። ቴርሞሜትሩ 24 ሲል እኔ "32 ደረሰ!" ብዬ እሮጣለሁ። ቸኮሌቱ ግን ገንፎ ሆኗል። ማንኪያ ይቆምበታል። በማንኪያ ጀርባ እየጠቀጠቅኩ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ሲወጣ አረፋ አረፋ የበዛበት፣ መስመር መስመር ያለው፣ ግራጫ። የቸኮሌቱን ብራንድ ቀየርኩ። ሞልዱን ቀየርኩ። የክረምቱን እርጥበት ወቀስኩ። አንድ ሰሞን የሰው ዓይን ነው ብዬም አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ያወጣችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ታኅሣሥ ውስጥ ቤት መጥታ ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየችና ምንድን ነው አለች። ነገርኳት። "አጎቴ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ይፈላል ያለህ ማነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደምሩት፤ 92 ትክክለኛው መልስ ነበር። ባቄላና ሽምብራ ያለ ፕሬዠር ኩከር ነፍስ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው። ንጹሑን ቴርሞሜትር ያን ሁሉ ጊዜ ስሙን ሳጠፋ ነው የከረምኩት። የመርካቶውንም ሰውዬ በልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ለመፈተሽ በረዶ ተጠቀሙ። ብርጭቆ ሙሉ ስባሪ በረዶ፣ ትንሽ ውሃ፣ ማማሰል፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ። ዜሮ ካለ ደህና ነው። ዜሮው ከተራራም ከቆላም አይቀየርም።

ቴርሞሜትሩ ነጻ ከወጣ በኋላም ግን ማውረዱና ማውጣቱ አልሆን አለኝ። ምድጃዬ ወይ አይሞቅም ወይ ያቃጥላል። የፈረንጆቹን ቪዲዮ አይቼ እብነ በረድ ላይ አፍስሶ በስፓቱላ ማገላበጥን ሞከርኩ። ድንጋይ ከሚቆርጡ ልጆች ቁራጭ እብነ በረድ ገዝቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻዬ ተሸከምኩ። ወገቤ ሳምንት ታመመ። ቸኮሌቱ መጋረጃው ላይ ሳይቀር ደረሰ። እብነ በረዱ ዛሬ ጀበና ማስቀመጫ ነው፣ ያምራል። ሁለት ሰው የማያሳልፍ ወጥ ቤት ያለው ሰው ይህን መንገድ ይተወው ባይ ነኝ።

መፍትሔውን የሰጠችኝ እማዬ ናት፣ ሳታውቀው። ስለ ስድስቱ ክሪስታል ስለፈልፍላት ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ደህናው እንዲረጋ ከደህናው ትንሽ አትጨምርበትም? እርሾ የለውም?" አለች። አለው! ባለሙያዎቹ "ዘር" ነው የሚሉት፣ እርሾ ግን ይበልጠዋል። የሚያብረቀርቅ፣ ካልቀለጠ ባር የተከተፈ ቸኮሌት የቀለጠው ላይ ሲገባ ትክክለኛውን ክሪስታል ይዞለት ይገባል።

ለ300 ግራም እንዲህ አደርጋለሁ። 200ውን ከትፌ በሙቅ ውሃ ላይ 48 ዲግሪ አካባቢ አደርሰዋለሁ። አወርደዋለሁ፣ የሳህኑን ሥር በፎጣ እጠርጋለሁ፤ ጠብታዋ የምትመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ የቀረውን 100 ግራም በጣም ደቅቆ የተከተፈ እርሾ ሦስት አራት ጊዜ እየከፋፈልኩ እየጨመርኩ አማስላለሁ። ማማሰል አይቆምም። ስልክ አይነሳም። 32 ላይ ሲደርስ የቢላ ጫፍ ነክሬ አስቀምጣለሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከደረቀና ካበራ ሆኗል። ያልቀለጠ ቁራጭ ቢቀር በማንኪያ አወጣዋለሁ። ሲቀዘቅዝብኝ በጸጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሰኮንድ ነካ አደርገዋለሁ። ከ34 ካለፈ ግን እርሾው ሞቷል፣ እንደገና ይጀመራል።

አንድ ስሕተት ደግሞ ሠርቻለሁ፣ እናንተ አትድገሙት። ብክነት ነው ብዬ የድሮዎቹን ግራጫ ቸኮሌቶች እርሾ አደረግኳቸው። ከተበላሸ እርሾ ምን እንደሚቦካ እናቶቻችንን ጠይቁ። እነሱ መቅለጥ እንጂ እርሾ መሆን አይችሉም።

ስለ ፍሪጅ አቋሜ የከረረ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ከማንኛውም ፍሪጅ ይሻላል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሥሩ፣ መደርደሪያ ላይ ተዉት፣ ጠዋት ከሞልዱ ራሱ ዱብ ይላል። (ፋሲካ ላይ ቤቱ ሞቆብኝ ለአሥር ደቂቃ ከትቻለሁ። አራቱ ግራጫዎች ከዚያ ይሁኑ ከሌላ አልመረመርኩም።)

ለስጦታ የምትሠሩ ከሆነ ጾሙን አስቡ። ገና ሊደርስ 43 ቀን፣ ፋሲካ ሊደርስ 55 ቀን ይጾማል፣ ስጦታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበዓሉ በፊት ነው የሚደርሰው። ጥቁር ሁሉ የጾም አይደለም፣ የወተት ስብ ያለበት ሞልቷል፤ ጀርባውን አንብቡ። በክሬም የሚሠራውን ለስላሳ ድብልብል ቸኮሌት እኔ ለጾም ክሬሙን በአቦል ተክቼ እሠራዋለሁ። 200 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት ላይ 100 ሚሊ ሊትር ትኩስ፣ የተጠለለ፣ ወፍራም ቡና አፈሳለሁ። ሁለት ደቂቃ ትቼ ከመሃል ጀምሬ አማስላለሁ። አንድ ጠብታ ውሃ የሚያበላሸው ቸኮሌት ውሃው ሲበዛ እሺ ይላል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሲረጋ እያድበለበሉ የኮኮዋ ዱቄት ላይ ማንከባለል ነው። ይሄኛው ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስት ቀንም ይበላ።

አዲስ የተወቀጠ ኮረሪማ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨምሩበት። ሚጥሚጣ የሚጨምሩ አሉ። ክትፎ ላይ ይተዉት።

አሁን ኑዛዜ። ያለፈው እንቁጣጣሽ፣ ያ "+8" በር ላይ ተለጥፎ በነበረበት ጊዜ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች 30 ሣጥን ቃል ገብቼ ነበር። ሁለት ቀን ቀረው። ሦስት ዙር ተበላሸ። ቸኮሌቱም እንደዋዛ የሚገዛ አልነበረም። ኮትዲቯርና ጋና ላይ ምርቱ ተጎድቶ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ቶን ኮኮዋ ከ12,000 ዶላር አልፎ ነበር፣ ብሩም በዚያው ዓመት ወርዷል፤ ከዚያ ወዲህ የባሩን ዋጋ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ማታውን መብራት ሄደ። ጠዋት ተነሥቼ ሰው እንዳያየኝ ያህል ኮፍያ አድርጌ ኮምፓውንድ ገዛሁ። በኮኮዋ ቅቤ ፋንታ የአትክልት ስብ ያለበት፣ ቴምፐሪንግ የማይፈልግ፣ አቅልጦ ማፍሰስ ብቻ የሆነ። ከዚያ በፊት ኮምፓውንድ የሚሠራ ሰው ሻማ ቢሠራ ይሻለዋል እል የነበርኩት እኔ ነኝ። 30ው ሣጥን በሦስት ሰዓት ውስጥ ተሠርቶ አለቀ። አብረቀረቀ። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት የፋሲካዎቹን፣ እውነተኛዎቹን፣ ስድስት ወር የደከምኩባቸውን ለቀመሰች የሥራ ባልደረባዬ እንዴት እንደነበሩ ጠየቅኳት። "ኧረ በጣም ቆንጆ ናቸው፣ እጅህ ይባረክ" አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቅር እንዳይለኝ እየተጠነቀቀች፦

"ግን ለመጪው በዓል የእንቁጣጣሹን ዓይነት አድርግልን፣ እሺ? ያኛው ይበልጣል።"