ግራ የገባው ባች

በስኪል ላባችን፣ የሕክምና ተማሪዎች የእጅ ሥራ በሚለማመዱበት ክፍል፣ በር ጀርባ አንድ የግሉኮስ ማንጠልጠያ ብረት ቆሟል። እዚህ ከመጣ ወዲህ ግሉኮስ ተሰቅሎበት አያውቅም። ጫፉ ላይ የተጠመጠመው ፕላስተር እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ስልኬን ያሰርኩበት ነው። የጽዳቷ እማማ ለበዓል ባጸዱ ቁጥር «ይሄን ልጣለው?» ይሉኛል። «ይቆይ እማማ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ሳየው ያስቀኛል። አንዳንድ ቀን ደሜን ያፈላዋል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ገባ ተባለ። ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ከጅማ ወጣ፤ ወደ ቦንጋ፣ ወደ መቱ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ደሴ። ሲ ዋኖቹ፣ ሆስፒታል ውስጥ መማር የጀመሩት የሕክምና ተማሪዎች፣ ሰርጀሪ ሊጀምሩ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው የሄዱት። ኒድል ሆልደር፣ የስፌት መርፌ መያዣውን ብረት፣ ጨብጠው አያውቁም።

ስብሰባ ተጠራ። «ዲጂታል ትምህርት» የሚል ቃል ተነሣ። ሙድል የሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ይሁን ተባለ። ግማሹ አስተማሪ የይለፍ ቃሉን ረስቶታል፣ ግማሹ ጭራሽ ኖሮት አያውቅም። መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ላይ ተስማሙ፤ ቴሌግራም። ድሮም ፒዲኤፉም ስላይዱም የሚዘዋወረው በዚያው ነው። ችግሩ እጅ ነበር። ኸርኒያን አንብቦ መረዳት ይቻላል። ክር መቋጠርን ግን በጽሑፍ ሞክሩት እስቲ። «ግራ እጅ አጭሩን ጫፍ ይዞ፣ ረጅሙ በቀኝ አመልካች ጣት ላይ አልፎ…» ሦስተኛው መስመር ላይ የሚቋጠረው ጣትህ ነው።

«አንተ ቪዲዮ ትችላለህ አይደል?» ተባልኩ። የእህቴን ሠርግ በስልክ ቀርጬ አቀናብሬያለሁ። ችሎታዬ እሱ ነው።

አስተማሪ ሆነው የተመደቡት ሰርጀን ስማቸው እዚህ አያስፈልግም። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይህን ለይስሙላ አልልም። አንጀት ሲሰፉ ያየ ሰው ሸማኔ ፊት የተቀመጠ ይመስለዋል። አፋቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

የምንሰፋበት ነገር ፍለጋ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን። ውጭ አገር የአሳማ እግር ነው የሚለማመዱበት። ጅማ መርካቶ ገብተህ የአሳማ እግር ብትጠይቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተባብሮ ነው የሚያባርርህ። የበሬ ምላስ አሰብን። ዐቢይ ጾም ነው፣ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው፣ ምላሱን ግን ለደንበኛው አስቀምጦታል። በሙዝ ልጣጭ ጨረስን። እንዳትንቁት። ክሩን ከልክ በላይ ከጎተትከው እዚያው ይቀደዳል። ስፖንጅ ግን ምንም ብትበድለው ዝም ይላል።

ዶክተሩ ነጭ ጋውናቸውን አስተኩሰው መጡ። ባጃቸው ደረታቸው ላይ ያበራል። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ የላባችን ወለል ጎርበጥባጣ ስለሆነ አራት እግር ያለው ወንበር ሁሉ ይወዛወዛል። ሙዙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። እኔም ስልኩንና ማንጠልጠያውን ይዤ ከጀርባቸው ቆምኩ።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ከትከሻዎ በላይ ልቅረጽ ብዬ ነው ዶክተር። ተማሪው እጅዎን ልክ እንደ ራሱ እጅ እንዲያየው።»

«እና የማን እጅ እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ዞሬ ፊት ለፊት ቆምኩ።

ትምህርቱ ራሱ ግሩም ነበር። መርፌውን ከጫፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ ያዙት። ልጣጩን ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ እንዲወጋ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን አልገፉም፣ አንጓቸውን ብቻ አዞሩ፤ መርፌው በራሱ ቅስት ዞሮ ወጣ። «መርፌው የሚሄድበትን ያውቃል፣ አንተ አትከራከረው» አሉ። ይህችን አባባል እኔም እስከ ዛሬ እጠቀምባታለሁ። ስለ ቋጠሮም በደንብ አስረዱ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በተቃራኒ መሄድ አለበት። በአንድ አቅጣጫ ሁለቴ ከደገምከው የሚሾልክ ቋጠሮ ይሆናል፤ ሌሊት ላይ ታማሚው ሲደማ ትጠራለህ።

ማታ ቤቴ የጫማ ክር ከአልጋው እግር ጋር አስሬ ቪዲዮውን እያየሁ ሞከርኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግራ ገባኝ። እንዲሁ ለነገሩ አይደለም፤ እውነተኛ ግራ ነው የገባኝ። የእሳቸው ቀኝ እጅ ስክሪኑ ላይ በእኔ በግራ በኩል ነው ያለው። እንደ መስታወት ስከተላቸው ሥራውን የሚሠራው ግራ እጄ ሆነ። መላው ቀላል ነው። ቪዲዮውን ገለበጥኩት። የስልክ አፕ ላይ አንድ ጊዜ መንካት ነው። አሁን ቀኛቸው ከቀኜ ጋር ገጠመ። ክሩም ታዘዘልኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ቢሮአቸው ወስጄ አሳየኋቸው። አሥር ሰከንድ ያህል አዩና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ ዶክተር?»

«ደረቴ ላይ ያለው። ቻይንኛ ነው?»

አየሁት። ባጁ ተገልብጧል። ስማቸው ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። «ዶ/ር» የምትለዋ ጭራ ሆናለች።

«እሱማ ቪዲዮው ስለተገለበጠ ነው። ተማሪው መስታወት ፊት እንደቆመ…»

«ስሜን ገለበጥከው?»

«ስምዎን ሳይሆን…»

«እስቲ ቆይ፣ በየትኛው እጄ ነው የምሰፋው?» ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። «20 ዓመት በቀኜ ሰፍቻለሁ። እዚህ ላይ ግራኝ ነኝ። ያሠለጠኑኝ ሰዎች ቢያዩት ምን ይላሉ?»

ለእውነት እንመስክር ከተባለ በዚህ ነጥብ ተሳስተዋል አልልም። በተገለበጠው ቪዲዮ ላይ በእርግጥ ግራኝ ይመስላሉ። ግን ቪዲዮው የእሳቸው የሕይወት ታሪክ አይደለም። የሚያየው ልጅ ቀኝ እጁን እንዲያንቀሳቅስ ነው የተሠራው። ይህን ለማስረዳት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። አፌን ስከፍት ግን «መልሰው» አሉኝ።

«እሺ ዶክተር» አልኩ።

የመሥሪያ ቤት እሺ ዓይነቱ ብዙ ነው። ተስማምቻለሁ የሚል እሺ አለ። አልሰማሁም ግን ልሂድ የሚል አለ። የእኔው ሦስተኛው ነበር፤ «እሺ፣ ታየዋለህ» የሚባለው። አንቱታው ራሱ በልቤ ውስጥ ወድቋል፣ ልብ በሉ።

መልሼ ገለበጥኩት። ስማቸው ጥርት ብሎ ተነበበ። 12 ደቂቃዋን ቪዲዮ በዳታ የሚያወርዳት ልጅ እንዳይከብደው አሳንሼ ግሩፑ ላይ ለቀቅኳት። ከሥሯ አንዲት መስመር መጻፍ እችል ነበር፤ «እጆቹን አዟዙራችሁ ተከተሉ» ብሎ ነገር። ማንም እጄን አልያዘኝም። አልጻፍኩም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ በራሱ ይስተካከል ነበር። ተማሪ አንድ ቪዲዮ ብቻ አያይም። ዩቲዩብ ገብቶ ሌላ ያያል፣ ያወዳድራል፣ ይጠይቃል። ግን ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በመላ አገሪቱ፣ ለሳምንታት። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የቀረችላቸው ቀድመው ያወረዷት ያቺው ቪዲዮ ነበረች። ዝናቡ ይወርዳል፣ ከቤት አይወጣም፣ ሌላ የሚያዩት የለም። ከወንበር እግር ላይ የጫማ ክር አስረው ያቺን ቪዲዮ አመነዠኳት። አንዱ በኋላ ሲነግረኝ ዶክተሩ የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚያስሉ ሁሉ በቃሉ ያውቃል።

ትምህርት ተከፍቶ ተመለሱ። ዶክተሩ አታችመንቱ፣ የሆስፒታሉ የሰርጀሪ ልምምድ፣ ሳይጀመር ልጆቹ የት እንደደረሱ ልይ ብለው ትንሽ ኦስኪ፣ የተግባር ፈተና፣ አዘጋጁ። 12 ልጆች ነበሩ፣ በየፊታቸው ስፖንጅ። እኔ መርፌ አዳይና መርፌ ቆጣሪ ነኝ። ቼክሊስቱን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ተራ ላይ «ኒድል ሆልደሩን በቀኝ እጅ ይይዛል» ይላል።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ጠቅ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የብረት ትግል። ኒድል ሆልደር ሲቆለፍ ጠቅ ይላል። በቀኝ እጅ ከያዝከው አውራ ጣትህ ሲገፋ በራሱ ይፈታል፤ ጥርሱ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። በግራ ከያዝከው ያው ግፊት ይባስ ያጠብቀዋል። ቤት ውስጥ በክር ብቻ የተለማመደ ልጅ ይህን በምን ያውቃል? ላቡ በሙሉ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የሚፈታ የለም። ቀና ብዬ ቆጠርኩ። ከ12ቱ 7ቱ በግራ ይዘዋል።

ዶክተሩ በሁለቱ ረድፎች መሐል ሄደው ተመለሱ። እንደገና ሄዱ።

«ይሄን ባች ማነው የመለመለው? ግራኝ ብቻ ነው እንዴ የተፈለገው?»

ማንም አልሳቀም። አንዱ ልጅ ፊት ቆሙ።

«በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?»

«በቀኜ ዶክተር።»

«ታዲያ ይሄን ማን አስተማረህ?»

ልጁ ቅን ነው። ተንኮል የለበትም። «እርስዎ ነዎት ዶክተር» አለ።

በጣም የሚገርመው ቋጠሮው ነው። ጎተቱት። ሳቡት። በመቀስ ጫፍ ፈለቀቁት። አልሾለከም። ትክክለኛ ቋጠሮ በመስታወት ውስጥም ትክክለኛ ቋጠሮ ነው። ሰባቱም እንከን አልነበረበትም። የሚቆጡበት ቢፈልጉ አጡ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?»

ለዚህች ጥያቄ ወራት ተዘጋጅቻለሁ። ከቤት እስከ ሥራ የአዌቱን ድልድይ በተሻገርኩ ቁጥር መልሴን አሰማምሬዋለሁ። «ነግሬዎት ነበር ዶክተር፣ ሊሰሙኝ አልፈለጉም እንጂ» የሚል፣ ጨዋ ግን የሚወጋ። 12 ተማሪ እያየኝ፣ መርፌ በእጄ፣ አፌን ከፈትኩ።

«እሺ ዶክተር» አልኩ።

ጥያቄው እሺ የሚባልበት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ቪዲዮውን እንደገና ቀረጽነው፣ በዚህ ጊዜ ከትከሻ በላይ፤ ማንም ምንም ሳይናገር። ስድስቱ ልጆች በሳምንት ውስጥ ቀኛቸውን አስለመዱ። ሰባተኛዋ የአጋሮ ልጅ ናት። ልምምድ ሰዓት ካለቀ በኋላ ጠብቃ መጣች።

«ጋሼ፣ አሮጌውን ቪዲዮ እንዳታጠፋው።»

«ለምን? ስህተት እኮ ነው።»

«ለእኔ አይደለም። እኔ የምር ግራኝ ነኝ።»

ልጅ ሆና እንጀራ በግራ ስትቆርስ እጇን እየመቷት ነው ያደገችው። መጻፍ ግን በግራ ነው የምትጽፈው። ማንኛውም አስተማሪ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሲያሳይ በጭንቅላቷ ስትገለብጥ ነው የኖረችው። ያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትገለብጥ ተማረች። ኒድል ሆልደሩንም አሳየችኝ። አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ ሳብ፣ በቀለበት ጣቷ ገፋ። ጠቅ፣ ተፈታ። ማን አሳየሽ ብላት «ራሱ ብረቱ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጠቅ ጠቅ ካሉት ሰባቱ ውስጥ አንዷ ብቻ እየፈታች እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔ ሰባት ብዬ ስቆጥር ከስህተቶቼ ጋር ደምሬያት ነበር።

ሁለቱንም ግሩፑ ላይ አስቀመጥኩ። አንዱን «ቀኝ»፣ ሌላውን «ግራ» ብዬ ሰየምኳቸው። ያኔም ማንንም አላስፈቀድኩም።

አምና ስለ ዲጂታል ትምህርት ወርክሾፕ ነበር። እንግዶች ነበሩ፣ አበል ነበረ፣ ቡናና ቆሎ ነበረ። ዶክተሩ አቀረቡ። አንዱ ስላይዳቸው ላይ «ግራኝ ተማሪዎችን ታሳቢ ያደረገ የቪዲዮ ትምህርት» ይላል። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ እንግዳ እጁን አውጥቶ ይህ ሐሳብ እንዴት መጣላችሁ ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩም «ከተማሪው ፍላጎት ተነሥተን ነው» አሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር፣ ትን አለኝ።

ከስላይዱ ላይ ያለውን ፎቶ አየሁት። ከ«ቀኝ» ቪዲዮ አልወሰዱትም፤ እዚያ ላይ እጅ ብቻ ነው ያለው። የወሰዱት ከ«ግራ» ነው። በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሙዙ ፊታቸው ነው፣ ባጁም ጥርት ብሎ ይነበባል።