ለምን እንደሆነ ጠይቀኝ

እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን አብሮ አደረሰን!

በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲጠባ መጀመሪያ የምደውለው ለአንድ ሰው ነበር። ሰላምታውን ሳንጨርስ «እሺ፣ ዘንድሮ ምን ሠራህ?» ይለኛል። ዛሬም ስልኬን አንስቼ ስሙ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ጥያቄውን ለእናንተ ልመልሰው ነው። ቢረዝምባችሁ ለበዓሉ ስትሉ ታገሡኝ።

ጋሼ ነበር የምንለው። ዌብ ዲዛይን ያስተማረኝ እሱ ነው። መጋቢት ላይ አረፈ።

ወሩ ሳይሞላ፣ ከዓመታት በፊት አብረን የሠራነውን ዌብሳይት እንዳድስ ተጠየቅሁ። ደንበኛዬ ከላከችልኝ ዝርዝር ውስጥ አንዱ «በተኖቹ ሲነኩ ዙሪያቸውን የሚወጣው ሰማያዊ መስመር ያስጠላል፣ ይጥፋልን» ይላል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የገጹን መልክና ቀለም የሚወስነውን የሲኤስኤስ ኮድ ፋይል ከፍቼ ቦታው ጋ ስደርስ ከኮዱ በላይ የጋሼን ማስታወሻ አገኘሁ፦

«ይህን እንዳትነካው። ለምን እንደሆነ ጠይቀኝ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ማንን ልጠይቅ? ስንት ጊዜ ቢሮው ገብቼ «ጋሼ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» እንዳልኩት እሱ ነው የሚያውቀው። አንድም ቀን «አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ብሎኝ አያውቅም።

ኋላ ግን መልሱ ራሱ መጣልኝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሠራሁትን ፎርም ላሳየው በኩራት ስጠብቀው፣ መጥቶ ማውሴን ከኮምፒውተሩ ነቀለና ኪሱ ከተተው። «በል እስቲ፣ አሁን ሙላው» አለኝ። ከአንዱ መሙያ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ታብ የሚባል ቁልፍ ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። ስም መጻፊያው ላይ ልሁን «ላክ» የሚለው ላይ አላውቅም፤ እኔም ያን መስመር አስቀያሚ ነው ብዬ አጥፍቼው ነበራ። ጋሼ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ማውስ መያዝ የማይችል ዘመድ ነበረው። የሥራ ማመልከቻ ሊሞላ ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን እንደፈጀ ነገረኝ። የዌብ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያም በኪቦርድ የሚሠራ ሰው የት እንዳለ መታየት አለበት ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተጽፏል። ጋሼ ግን መመሪያውን ያነሳልኝ ከዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያነሳው ዘመዱን ነው።

ለደንበኛዬ ደወልኩላትና ማውሷን ትታ የራሷን ፎርም እንድትሞላ ለመንኳት። መስመሩን አጥፍቼ ነበር የላክሁላት። ትንሽ ዝም አለችና «ቆይ፣ አሁን የት ነው ያለሁት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ መነጋገር አላስፈለገንም። ዛሬ ብራውዘሮች የተሻለ ዘዴ አላቸው፤ «ፎከስ ቪዝብል» በሚባለው መስመሩ በተኑን በማውስ ለሚነካ ሰው ሳይወጣ በኪቦርድ ለሚሠራው ብቻ ይወጣል። እንደዚያ አደረግነው፤ ቀለሙንም አጎላነው። እህቴ፣ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሀል ስልኩን ሳትዘጊ ስለሞከርሽው አመሰግንሻለሁ። መልካም ዓመት ይሁንልሽ።

ሥራችን ዕድሜው አጭር ነው። እኔ ስጀምር የሠራኋቸው ፍላሽ በሚባል የዌብ ሶፍትዌር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽ ሲያበቃ እነሱም አብረው ሄዱ። ዘንድሮም ሰባት ወር የደከምንበት ዌብሳይት ኃላፊው በተቀየረ በሳምንቱ ከሰርቨር ወርዷል። «ለምን?» ብለን ብንጠይቅ መልስ የሰጠን የለም። በዚያ ሥራ ሌሊቱን አብሮኝ ሲያድር የነበረው ፕሮግራመር ወንድሜ፣ የፋይሎቹን ቅጂ ስላስቀረህልኝ ውለታህን አልረሳም።

ጋሼ ይህን የሥራችንን አላፊነት ሳማርር አንድ ነገር ይነግረኝ ነበር። በሲኤስኤስ ውስጥ ሪቤካፐርፕል የሚባል ቀለም አለ፤ ኮዱ 663399 ነው። ስለ ሲኤስኤስ ብዙ የጻፈውና ብዙዎቻችንን ያስተማረው ኤሪክ ማየር ልጁን ሪቤካን በካንሰር ያጣት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ስድስት ዓመት በሞላት ዕለት ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ትወድ ነበር። የሙያ ባልደረቦቹ ቀለሙ በስሟ እንዲጠራ ሲጠይቁ፣ አባቷ በቁልምጫ ስሟ ሳይሆን በሙሉ ስሟ ይሁን አለ፤ ስድስት ሲሞላኝ ትልቅ ልጅ ስለምሆን በሙሉ ስሜ ጥሩኝ ብላ ነበርና። ዛሬ የትኛውም ብራውዘር ይህን ስም ያውቀዋል። የጋሼን ዕረፍት ለወዳጆቹ ያሳወቅንበትን ገጽ ስሠራ ለርዕሱ የመረጥኩት ይህንኑ ቀለም ነው።

እትዬ፣ ከለቅሶው ማግስት የጋሼን ደብተሮች «ከእኔ ይልቅ ለአንተ ይናገራሉ» ብለው ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎንና ልጆቹን በመጪው ዓመት መጽናናት አይለያችሁ።

በግል ለምትሠሩ ጓደኞቼ፣ የሠራችሁበት ገንዘብ በሰዓቱ የሚገባበት ዓመት ይሁንላችሁ። ሥራውን ተረክባችሁ ወራት ያለፋችሁ አሠሪዎች፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ ነገ ክፈሉ። የሰው የቤት ኪራይ ነው የያዛችሁት።

«አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ዌብሳይት ይሠራል፤ ሙያው ይቀጥላል ወይ?» ብላችሁ ለምትጽፉልኝ ወጣቶች፦ ፍርሃታችሁ ይገባኛል፣ እኔም አስቤበታለሁ። የዘንድሮ ምኞቴ ግን ማውሳችሁን ነቅሎ ኪሱ የሚከት ሰው እንዲገጥማችሁ ነው።

የጋሼን ማስታወሻ አላጠፋሁትም፣ እንዳለ ነው። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ መስመር ነው። ብታጠፋው ፎርሙን መሙላት አይችልም። ማውስህን ነቅለህ ሞክረው።» ቀኑንም ጻፍኩበት።

ጋሼ፣ ዘንድሮ የሠራሁት ይኸው ነው።