ሬጉሌተሩ በረዶ የሠራ ዕለት

የምሠራው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ለጠላቂዎች ዕቃ በሚያከራይ ሱቅ ነው። የአየር ሲሊንደር እሞላለሁ፣ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ግፊት ቀንሶ ለጠላቂው አፍ የሚያደርሰውን ዕቃ) ፈትቼ እገጥማለሁ። በበጋ ደግሞ ደንበኞችን ይዘን ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ በጀልባ እንወጣለን። አገር ቤት ስደውል እናቴ «ሰው ከፍሎ በረዶ ውሃ ውስጥ ምን ፍለጋ ይገባል?» ትለኛለች።

መርከብ ፍለጋ ነው። ባሕር ውስጥ የእንጨት መርከብ ሲሰምጥ እንጨት የሚበላ ትል ቦርቡሮ ይጨርሰዋል። ያ ትል ጨው በሌለው ውሃ አይኖርም። ብረትም ቢሆን በቀዝቃዛና ጨው በሌለው ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚዝገው። የሱፒሪየር ጥልቁ ደግሞ ክረምት ከበጋ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የሰመጠ መርከብ ዛሬም ወርደህ በእጅህ ትዳስሰዋለህ። እኔ ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ብዙ ጊዜ የምንሄደው ወደ ማዴይራ ነው። 133 ሜትር ርዝመት ያላት፣ በሌላ መርከብ እየተጎተተች ጭነት የምታመላልስ የብረት መርከብ ነበረች። ኖቬምበር 28 ቀን 1905 ከባድ ማዕበል ከገደል ጋር አላትሞ ሰባበራት። ፍሬድ ቤንሰን የሚባል መርከበኛ ገመድ ይዞ ወደ ገደሉ ዘለለ። ቧጦ ወጣና ገመዱን ለጓደኞቹ ጣለላቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ ተረፉ። ስፕሊት ሮክ የሚባለው የመብራት ማማ በ1910 ሥራ የጀመረው በዚያ ማዕበል ሰበብ ነው። ከሚኒያፖሊስ እየነዱ ሄደው ማማው ሥር ፎቶ የሚነሱ ሐበሾች ብዙ ናቸው። መርከቧ እዚያው አቅራቢያ ውሃ ውስጥ መሆኗን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ጅዳ ያደገ የኛ ልጅ መጣ። ቀይ ባሕር ላይ ብዙ የጠለቀ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ሰውነት የማያረጥበውን ልብስ፣ ድራይ ሱቱን፣ ከኛ ተከራየ፤ ሥልጠናውንም እኛው ጋ ጨርሷል። ሬጉሌተሩን ግን የራሱን ይዞ መጣ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ለሞቃት ውሃ የተሠራ ነው፤ የኛን ውሰድ» አልኩት።

«አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም» አለኝ።

አስጎብኚያችን ሰማችን። ብዙ አልተከራከረችም። «እንግዲያው ይሄንንም ትይዛለህ» ብላ የራሱ ሬጉሌተር ያለው ትንሽ መጠባበቂያ ሲሊንደር ጎኑ ላይ አሰረችለት። ፊቱን ቢያጨፈግግም እሺ አለ።

አብረው ወረዱ። እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ አረፋቸውን እከታተላለሁ። ሰው በደህና ሲተነፍስ አረፋው መጣ፣ ቆም፣ መጣ፣ ቆም ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጋ ማቆሙ ቀረ። ውሃው እንደ ድስት ተንተከተከ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር እስከ 200 ባር ታምቋል። ሬጉሌተሩ ያንን ግፊት በአንድ ጊዜ ሲቀንሰው አየሩ በጣም ይቀዘቅዛል። ዙሪያውን ያለው ውሃ ቀድሞውንም ለበረዶ ጥቂት ነው የቀረው፤ ዕቃው ላይ ይረጋና አየር መዝጊያውን ክፍቱን ያስቀረዋል። ከዚያ አየሩ ዝም ብሎ ይፈሳል። ጠላቂው ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰና በዚያው ቅጽበት ልብሱ ውስጥም አየር ካስገባ ደግሞ ይብሳል። ልጁ 20 ሜትር ገደማ ላይ ያደረገው ልክ ይሄንኑ ነው።

መጠባበቂያውን አፉ ውስጥ ከተተ። እሷ ከኋላው ሆና የሚፈሰውን ሲሊንደር ዘጋችው። ተያይዘው ቀስ ብለው ወጡ። ጀልባው ላይ ስቀበለው ሬጉሌተሩ ገና ነጭ በረዶ እንደለበሰ ነበር። ጣቴን ሳሳርፍበት ተጣበቀብኝ። የግፊት መለኪያው ወደ ዜሮ ተጠግቷል። ልጁ አየት አደረገውና «ይሄ ሁሉ በስንት ደቂቃ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ሻይ ቀዳንለት።

በማግስቱ ሱቃችን ደንቡን ጠበቅ አደረገው። አሁን በየትኛውም ወር ቢሆን፣ ለቀዝቃዛ ውሃ ያልተሠራ ሬጉሌተር ይዞ ጀልባችን ላይ የሚወጣ የለም። መጠባበቂያ ሲሊንደርም የግድ ነው፤ ሃያ ዓመት የጠለቀ ሰው ቢሆንም። የሚያኮርፉ አሉ። ያኩርፉ። ብርዱ እኮ የማንንም ልምድ አይቶ አያልፍም፤ መርከቧንም ያቆየልን እሱው ነው።

ልጁ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ በኛ ሬጉሌተር ወረደ። ሲወጣ ከንፈሩ ደንዝዞ ማውራት ቸግሮታል፣ ግን ዝም አላለም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቤንሰን የዘለለው በየት በኩል ነው?» ብሎ ነው። ገደሉን አሳየሁት። አሁን ደግሞ ቱ ሐርበርስ ወደብ አጠገብ በ1896 የሰመጠችውን የእንጨት መርከብ፣ ሳሙኤል ፒ. ኢላይን ካላየሁ ብሏል። እዚያ የማዕድን መርከቦች ስለሚመላለሱ ቀኑን አስጎብኚያችን ትመርጣለች።