መስጊዱ ደረጃ ላይ ያለው ምስማር

ይህን ገጠመኝ ለባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። ሁልጊዜ ግን የማወራው አለቃዬ ያደረገውን ነው። እኔ ያደረግሁትን ዘልዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ ሁለቱንም ልጻፍ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2017 ነው። ቦታው ኢንዶኔዥያ፣ የጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ደማክ አውራጃ፣ ሳዩንግ ወረዳ፤ ከሰማራንግ ከተማ በስተምሥራቅ። አርባ ምንጭ የውኃ ምህንድስና ተምሬ፣ ሆላንድ ማስተርሴን ጨርሼ፣ አንድ ትንሽ የጥናት ቡድን ቀጥሮኝ ነው የሄድኩት። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የ40 ቤቶችን ወለል ከፍታ መለካት፣ የባሕሩን ውኃ ለሦስት ወር በስታፍ (ውኃው ውስጥ በሚቆም፣ ሴንቲ ሜትር በተጻፈበት ዘንግ) ማንበብ፣ ከዚያ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ አምና ከለካው ጋር ማስተያየት።

መንደሩን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ድሮ ሩዝ ይዘራበት የነበረ መሬት ነው። በኋላ የዓሣና የሽሪምፕ ኩሬ ሆነ። ለኩሬው ሲባል ጠረፉን ይጠብቅ የነበረው የማንግሮቭ ዛፍ ተመነጠረ። ቀጥሎ ባሕሩ ገባ። በዶኖ በሚባለው መንደር ሙሉ ጎጦች ተነቅለው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። እዚያው የአንድ ሼህ መቃብር ዙሪያውን ባሕር ከቦት ቀርቷል፤ ሰው ግን ዛሬም ሊዘይረው ይሄዳል። ቲምቡልስሎኮ ላይ ደግሞ ከቤት ወደ ቤት የሚኬደው በእንጨት ድልድይ ነው። ባሕሩ ሲሞላ መንገዱን የሚሸፍነውን ውኃ "ሮብ" ይሉታል። ስለ ሮብ የሚያወሩት እኛ ስለ ዝናብ እንደምናወራው ነው፤ ዛሬ በስንት ሰዓት ይመጣል፣ እስከየት ይደርሳል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ይቀድማቸው ይሆን።

ወለሉ ውኃ ሲነካው አፈር ይሞሉትና በሲሚንቶ ይለስኑታል። ጣሪያው ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ቤቱ በየሙሌቱ ያጥራል። በሩን አጎንብሰህ ነው የምታልፈው። አንድ ቤት ውስጥ የመብራት ማብሪያው ጉልበቴ ጋ ነበር። እዚያ ቤት ቁርስ ስበላ ዓይኔ ከማብሪያው ላይ አልነሳ አለኝ። አንድ ሰው ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ትከሻው ላይ ነበር ያስገጠመው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ልኬት ሁሉ የሚነሳው አይነቃነቅም ከምንለው አንድ ነጥብ ነው። የእኛ ቤንች ማርክ መስጊዱ ደረጃ ላይ የተመታ የነሐስ ምስማር ነበር። የቀደመኝ ልጅ ምስማሩን ሲመታ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ጂፒኤስ (ከፍታን ከአካባቢው መሬት ሳይሆን ከሳተላይት የሚለካ መሣሪያ) ላዩ ላይ አቁሞ ለ6 ሰዓት አንብቦበታል። እኔም ያንኑ መድገም ፈለግሁ። የመሣሪያው ኪራይ ግን ከበጀቱ ተሰረዘ። አለቃዬ በኢሜይል የላከልኝ መልስ ሁለት ቃል ነበር፦ "ምስማር አይሄድም።"

አልተከራከርኩም። ሌቭሌን፣ ማለትም የከፍታ ልዩነት የማነብበትን መሣሪያ፣ ተክዬ ሥራ ጀመርኩ።

ሦስቱ ወር አልቆ ከአምናው ተመሳሳይ ወራት ጋር ሳስተያይ፣ የውኃው አማካይ ከምስማሩ አንጻር 9 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ቤቶቹ ግን ከምስማሩ አንጻር ያው ናቸው። ልዩነታቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ ቤቶቹ አልሰመጡም፣ ከፍ ያለው ውኃው ነው ማለት ነው። ወረቀት ላይ ምንም እንከን የለውም። ግን እኮ የዓለም ባሕር በአማካይ በዓመት የሚጨምረው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ተማሪም ያውቀዋል። 9 ሴንቲ ሜትር ሳይ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ነፋስ ይሆናል አልኩ። ዘንድሮ ነፋሱ ጠንክሮ ውኃውን ወደ ጠረፉ ገፍቶት ይሆናል፣ ከርሞ ይመለሳል አልኩ። ሰማራንግ ውስጥ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚሰምጥ የሚናገር ጥናትም አንብቤ ነበር። ያ የከተማው ጉዳይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ያረፍኩት አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ቤት ነው። ባንደንግ የሚባለውን የኩሬ ዓሣ እያጨሱ ይሸጣሉ። ኢቡ እላቸው ነበር፤ እኛ እማማ እንደምንለው። ወለላቸውን ሊሞሉ ገንዘብ አጠራቅመዋል። አንድ ማታ ሮቡ ጓዳ ገብቶ አብረን ውኃ ስንጠርግ፣ በአስተርጓሚያችን በኩል "አንተ መሐንዲስ ነህ፤ ስንት ላድርገው?" አሉኝ። 60 ሴንቲ ሜትር አስበው ነበር። "30 ይበቃል" አልኳቸው። በሙሉ ልብ ነው ያልኩት። ቁጥሩ ነበረኛ! የዘንድሮው ውኃ ከርሞ የሚመለስ ከሆነ ምን አስጨነቃቸው? 60 አፈር ማለት የጭነቱና የለሳኙ ሒሳብ እጥፍ ነው። በሳምንቱ 30 ሞሉ። የተረፈውን ለልጃቸው ትምህርት ቤት ከፈሉ። በጣም አመሰገኑኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝቡ ውጤቱን አቀረብኩ። ሥዕሎቹን አሳየሁ። ቤቶቻችሁ አልሰመጡም አልኩ። አስተርጓሚያችን የሰማራንግ ልጅ ነው፤ እሱ ወደ ጃቫኛ ይመልሳል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። እንደዚህ ያሉ ሰው "ምባህ" ይባላሉ፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። አስተርጓሚው ወዲያው አነጋገሩን ለወጠ። ጃቫኛም እንደኛ አንቱታ አለው፤ ቃሉ ራሱ ሌላ ይሆናል።

"ምስማሩ የት ነው የተመታው?" አሉ ምባህ።

"መስጊዱ ደረጃ ላይ ነው።"

"ስንተኛው ደረጃ?"

አስታወስኩና "ከታች ሁለተኛው" አልኳቸው።

"አምስተኛው ነው" አሉ።

አስተርጓሚው የተሳሳተ መስሎኝ ድገመው አልኩት። ምባህ ራሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱ። መስጊዱ ሲሠራ ደረጃው አምስት ነበር። ሦስቱ አሁን ከመንገዱ ሥር ናቸው። መንገዱ በወረደ ቁጥር መንደሩ አዋጥቶ እየሞላ፣ እየሞላ፣ አንድ በአንድ ተቀበሩ።

"መንገዱን የምንሞላው ስለሚወርድ ነው" አሉ። "ቤታችንን የምንሞላው ስለሚወርድ ነው። መስጊዱ ብቻ ምን ላይ ቆሞ ይቀራል?"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይቀለኝ ነበር። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ምስማሩም ቤቱም መንገዱም የውኃ መለኪያው ስታፍም አብረው ነው የወረዱት። አብረው ስለወረዱ ነው እርስ በርስ ያልተለያዩት። ይህን ለመረዳት አንድ ሴኮንድ አልፈጀብኝም፤ ሳላስበው ግን ሦስት ወር አለፈኝ። ሴቶቹ የተቀመጡበትን ወገን ማየት አልቻልኩም። ኢቡ እዚያ ነበሩ።

ስብሰባው ሲያልቅ ምባህ ጠብቀውኝ "ማስ፣ ና" አሉኝ። ማስ ማለት ወንድሜ እንደ ማለት ነው። ጓሯቸው ወሰዱኝ። አገልግሎት ያቆመ ጥልቅ ጉድጓድ አላቸው። ከ80 ሜትር በላይ የወረደ፣ የብረት ቱቦ ያለው። ሲቆፈር ቱቦው ከሲሚንቶው ወለል በላይ እስከ ጉልበታቸው ነበር። አሁን ደረታቸው ጋ ደርሷል። ቱቦው ታች ጠንካራው ንብርብር ላይ ቆሟል፤ በዙሪያው ያለው ለስላሳ ሸክላ ግን ውኃው ከሥሩ በተሳበ ቁጥር እየተጨመቀ ይወርዳል። ላየው ሰው ቱቦው የሚያድግ ይመስላል። ምባህ ልጆቻቸው ለኢድ አልፈጥር ከየከተማው ሲሰባሰቡ፣ ቱቦውና ሲሚንቶው የሚገናኙበት ላይ በሞረድ አንድ መስመር ያስምራሉ። የመጀመሪያው መስመር ከዜሮ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲህ 11 መስመር ቆጠርኩ። ኢድ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ያንን አስተካክዬ ሳሰላው፣ በአማካይ በዓመት ወደ 6 ሴንቲ ሜትር መጣ። ያውም ሙሉው አይደለም። ከቱቦው ግርጌ በታች ያለው መሬትም ስለሚጨመቅ ቱቦው ራሱ ጥቂት ጥቂት ይወርዳል።

ውኃውን ማን እንደሚስበው ጠየቅኳቸው። እጃቸውን በፋብሪካዎቹ በኩል፣ ወደ ሰማራንግ መንገድ ዘረጉ። መልሰው እጃቸውን ቱቦው ላይ አሳረፉና "ከዚህም እኛ ጠጥተናል" አሉ። የላይኛው ጉድጓድ ሁሉ ጨው ነው። ሌላ ምን ይጠጡ?

በማግሥቱ ሰማራንግ ሄጄ ጂፒኤሱን በአበሌ ተከራየሁ። ምስማሩ ላይ አቁሜ 6 ሰዓት ጠበቅሁ። የዙህር ሰላት ሲደርስ ሰዉ ትራይፖዱን እንዳይነካ በአንድ ወገን እየታከከ ገባ፤ አንድ ልጅ ጃንጥላ ይዞ መሣሪያው አጠገብ ቆመልኝ። ውጤቱ ሲሰላ ምስማሩ ከአምናው 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወርዷል። ከ9ኙ ላይ ይህን ስትቀንስ የሚቀረው ባሕሩ በእርግጥ የጨመረው ነው፤ ሚሊ ሜትሮች። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ሪፖርቱን ከሥሩ እንቀይረው አልኩ። አለቃዬ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ቆየና መለሰልኝ። የእኛ ጥናት ስለ ጠረፍ መሸርሸር ነው፣ ስለ መሬት መስመጥ አይደለም፤ ግኝትህ ጥሩ ነው፣ አባሪ ላይ ይገባል አለ። ገባም። አባሪ 4፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ። ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ግን "የባሕሩ ከፍታ በ9 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል" የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ሳይነካ ወጣ። ስሜም ከሥሩ አለ።

ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ባሕሩ ከፍ አለ ካልክ ተጠያቂ የለም። መሬቱ እየወረደ ነው ካልክ ግን ማን ጉድጓድ ቆፈረ፣ ስንት ሳበ፣ ማን ፈቀደ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሪፖርቱን የሚያነቡ ሰዎች አባሪ 4ን አይከፍቱም። አለቃዬ ይህን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ አውቄም ፈርሜያለሁ። የኮንትራቴ ማደሻ እሱ እጅ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሦስተኛ ወገን ሆኖ ቢያነበው፣ ከእሱ ኢሜይል ይልቅ የእኔ ዝምታ ይብስበታል ብዬ አስባለሁ።

ከመሄዴ በፊት ኢቡ ጋ ገብቼ ነገርኳቸው። 30 ያልኩት ስህተት ነው፣ በዚህ አያያዝ ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው፣ 60 ያሉት እርስዎ ልክ ነበሩ አልኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ገንዘቡን ልስጥዎት ብል እንቢ አሉ። አልተቆጡም። አዲሱን ወለል በእግራቸው ጣት እየነካኩ ትንሽ ዝም አሉና የታጨሰ ባንደንግ በጋዜጣ ጠቅልለው ለመንገድ ሰጡኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ በላሁት። አንጀቴ አልረጋም።

ከዚያ ወዲህ የትም አገር ስሠራ ቤንች ማርኩ ምን ላይ እንደቆመ ሳልጠይቅ ሌቭል አልተክልም። አካባቢው ላይ የቆየ ሰው ፈልጌ ደረጃ አስቆጥራለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ይሰለቻሉ፤ ጂፒኤስ እያለ ይላሉ። እነሱም ትክክል ናቸው፣ ጂፒኤሱ ከተፈቀደ።

አስተርጓሚያችን ዛሬም አልፎ አልፎ ይጽፍልኛል። 2020 መጨረሻ ላይ ኢቡ ወለላቸውን እንደገና እንደሞሉት ነገረኝ። ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ ፋብሪካ ገብቷል፤ አፈሩን የገዛው እሱ ነው። በሩ አሁን ደረታቸው ጋ ነው አለኝ። ስንት እንደሞሉትና ማን እንደነገራቸው ጠየቅሁት።

"70" አለ። "ማንንም አልጠየቁም። ሜትር ይዘው ምባህ ጓሮ ገቡ፣ ቱቦውን ለኩ፣ ወጡ።"