የኒውዮርክ ስቴት የሕፃናት ስሞች በየካውንቲው፦ እንዴት እንዳጠናሁትና ምን እንደተማርኩ

በአንድ ስቴት በብዛት የወጣው የሕፃን ስም የቱ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው፤ ዝርዝሩን ከፍቶ የመጀመሪያውን መስመር ማንበብ ይበቃል። ስለ አካባቢ ልዩነት ግን ያ መስመር የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኔ ያጠናሁት ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንዱን ካውንቲ (ስቴቱ የተከፋፈለበትን የአስተዳደር አካባቢ) ከሌላው የሚለየው ስም የቱ ነው? ይህን ለመመለስ ሰንጠረዡ ላይ ከታየው ስም ይልቅ ያልታየው የበለጠ ወሳኝ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ኒውዮርክን የመረጥኩት የስቴቱ ጤና መምሪያ ስሞችን በየካውንቲው ከፋፍሎ በነፃ ስለሚያወጣ ነው። ሰንጠረዡ ከ2007 ይጀምራል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ዓመት፣ ስም፣ ካውንቲ፣ ጾታና ብዛት የሚሉ አምስት ዓምዶች አሉት። ካውንቲው የሚመዘገበው እናትየዋ በምትኖርበት ቦታ እንጂ ሆስፒታሉ ባለበት አይደለም። ከዚህ ጎን የፌዴራሉ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) አስተዳደር የሚያወጣውን የስቴቶች ፋይል ወሰድኩ። እሱ ከ1910 ጀምሮ ያለውን ይዟል፤ ካውንቲ ግን የለውም፣ የሚቆጥረውም ልጁ በተወለደበት ስቴት ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ በየካውንቲው በዓመት ስንት ልጅ እንደተወለደ የሚያሳየው የጤና መምሪያው ሰንጠረዥ ነው። እሱ ከሌለ የሚካፈልበት ቁጥር የለም። በስቴቱ በ2007 ወደ 250 ሺህ ልጆች ተወልደው ነበር፤ በ2021 ግን ወደ 210 ሺህ ወርዷል። ስለዚህ የአንድ ስም ብዛት በ15 በመቶ ቢቀንስ ስሙ ተጠላ ማለት አይደለም፤ የተወለዱት ልጆች ራሳቸው አንሰዋል።

ማጽዳቱ ረጅም ሥራ አይደለም። ስሞቹንና ካውንቲዎቹን በሙሉ ወደ ትልልቅ ፊደል ቀየርኩ፣ ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ አነሣሁ፣ ከዚያ ካውንቲዎቹን ቆጠርኩ። ስቴቱ 62 ካውንቲዎች አሉት። ቁጥሩ ከ62 ከበለጠ አንዱ በሁለት አጻጻፍ ገብቷል ማለት ነው፤ ሴንት ሎውረንስን በነጥብና ያለ ነጥብ መጻፍ ብቻውን ይበቃል። ካነሰ ግን ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ሃሚልተን ካውንቲ ሕዝቡ 5 ሺህ ገደማ ብቻ ስለሆነ በአንድ ዓመት አምስት ጊዜ የሚደገም ስም እዚያ መጠበቅ ከንቱ ነው። የኒውዮርክ ከተማ አምስቱ ክፍሎች የሚገኙት በካውንቲ ስማቸው ነው፤ ብሩክሊን ‹ኪንግስ›፣ ስታተን አይላንድ ‹ሪችመንድ›፣ ማንሃተን ደግሞ ‹ኒውዮርክ› ይባላሉ። ‹ኒውዮርክ› ብሎ ያጣራ ሰው ከተማዋን በሙሉ ያገኘ ይመስለዋል፤ በእጁ ያለው ግን ማንሃተን ብቻ ነው።

በኤክሴል ለምትሠሩ፦ የስም ዓምዱን ስታስገቡ ዓይነቱን ጽሑፍ አድርጉት። አለዚያ ትሩ የተባለውን ልጅ ፕሮግራሙ ‹እውነት/ሐሰት› ወደሚለው ዋጋ ይለውጠዋል። የኒውዮርክ የፌዴራል ፋይል ብቻውን አያስቸግርም፤ የሃምሳውን ስቴትና የዋሽንግተን ዲሲን ፋይሎች አንድ ላይ ብትገጥሟቸው ግን አንድ የኤክሴል ገጽ ከሚይዘው 1,048,576 መስመር ያልፋሉ። እኔ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓንዳስ በተባለው የሰንጠረዥ መሣሪያው ነው የሠራሁት።

የከተማዋ አስተዳደር ደግሞ በእናት ዘር የተከፋፈለ የራሱ የስም ሰንጠረዥ አለው። ከስቴቱ ጋር አትደምሩት፤ ያው ልጆች ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። ለብቻው ብትጠቀሙበትም የተደጋገሙትን መስመሮች ማስወገድ አለባችሁ፤ በ2012 መስመሮች ላይ የዘር መጠሪያዎቹ መሀል ላይ ተቆርጠው ስለገቡም ፕሮግራሙ ሌላ ቡድን አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የጤና መምሪያው የልጆችን ማንነት ለመጠበቅ ትንንሽ ቁጥሮችን ይደብቃል። ከኒውዮርክ ከተማ ውጭ ባለ ካውንቲ አንድ ስም የሚታየው በዓመቱ 5 እና ከዚያ በላይ ልጆች ሲይዙት ነው፤ በከተማዋ አምስት ክፍሎች ግን ወለሉ 10 ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም። ከከተማ ውጭ ከ0 እስከ 4፣ በከተማ ከ0 እስከ 9 ሊሆን ይችላል። ባዶውን በዜሮ ሞልቶ አማካይ የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው ሥዕል ከእውነቱ ይርቃል፤ የሚርቅበት መጠንም ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል።

ምን ያህል እንደሚለያይ በቁጥር ማየት ይቻላል። በኪንግስ በዓመት ወደ 40 ሺህ ልጆች ሲወለዱ የ10 ወለል ማለት ከ4,000 ልጆች አንዱ የያዘው ስም እንኳ ይታያል ማለት ነው። በዓመት 250 ልጅ በሚወለድበት የገጠር ካውንቲ ግን ወንዶቹ 125 ገደማ ስለሚሆኑ፣ ለመታየት ስሙ ከወንዶቹ 4 በመቶውን መያዝ አለበት። ዛሬ በአገር ደረጃ አንደኛ የሆነው ሊያም እንኳ ከወንዶቹ የሚይዘው 1 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ካውንቲ ሊያም የሚባሉ አንድ ወይም ሁለት ልጆች ይጠበቃሉ፤ አምስት ከተገኙ ባመዛኙ ዕድል ነው። እንግዲህ ከትንሽ ካውንቲ ሦስት አራት ስም ተነሥቶ «የዚህ አገር ሰው የሚወደው ስም ይህ ነው» ማለት ዕድልን ባህል ብሎ መጥራት ይሆናል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ በየካርታው ላይ ደምቀው የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ትንንሽ ካውንቲዎች ስለሆኑ ነው።

የሦስት ዓመት መረጃ መደመር ግማሽ መፍትሔ ነው። የታዩትን ቁጥሮች ያረጋጋል፤ የተደበቀውን ግን አይመልስም፤ ምክንያቱም ድብቁ የሚሠራው በየዓመቱ ነው። በየዓመቱ አራት አራት ልጆች የተሰየሙበት ስም በሦስት ዓመት አሥራ ሁለት ልጆች ቢኖሩትም አንድም ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ሁለት ዋጋ ሰጠሁ፦ ዝቅተኛው 0፣ ከፍተኛው 4 ወይም 9። ስሌቱን በሁለቱም አስኬድኩ፣ በሁለቱም የጸናውን ውጤት ብቻ ያዝኩ። የፌዴራሉ ፋይል እዚህ ላይ ይረዳል፤ ከስቴቱ ጠቅላላ ላይ በካውንቲ የታዩትን ሲቀንሱ የተደበቁት ልጆች ግምት ይገኛል። ሁለቱ ግን በትክክል አይገጥሙም። አንዱ በመኖሪያ፣ ሌላው በትውልድ ቦታ ስለሚቆጥሩ ኒውጀርሲ እየኖረች ኒውዮርክ የወለደች እናት በአንዱ ትገኛለች፣ በሌላው አትገኝም። የፌዴራሉም ፋይል ራሱ በስቴቱ ከ5 ያነሰ ብዛት ያለውን ስም አያወጣም።

የአካባቢ ልዩነት የለካሁት የካውንቲውን ድርሻ ለስቴቱ ድርሻ በማካፈል ነው። ነገር ግን እንዲሁ ከተተወ ትንሹ ካውንቲ ሁልጊዜ ያሸንፋል። አንድ ስም በስቴቱ ከ1,000 ልጆች ለ2 ይወጣል እንበል። 500 ልጅ በተወለደበት ካውንቲ 5 ልጆች ቢይዙት የስቴቱ 5 እጥፍ ነው። 20,000 በተወለደበት 200 ቢይዙትም ያው 5 እጥፍ ነው። የሁለቱ ማስረጃ ክብደት ግን አይገናኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካውንቲ በስቴቱ አማካይ የተሰየሙ 1,000 ምናባዊ ልጆችን እጨምራለሁ፤ ማለትም በስሙ ላይ 2፣ በጠቅላላው ላይ 1,000። ትንሹ 7 ለ1,500 ይሆንና ወደ 2.3 እጥፍ ይወርዳል፤ ትልቁ 202 ለ21,000 ይሆንና 4.8 እጥፍ ላይ ይቆያል። ከ1,000 ይልቅ 300 ብታደርጉ ትንንሾቹ እንደገና ይነግሣሉ፤ 5,000 ብታደርጉ ገጠሩ ሁሉ አንድ ይመስላል። ቁጥሩን እየቀያየራችሁ ቦታውን የማይለቀውን ስም ፈልጉ።

በደረጃም አትለኩ። በ1947 ሊንዳ በአገር ደረጃ አንደኛ ስትሆን ወደ 100 ሺህ ሴት ልጆች ስሙን ይዘው ነበር፤ በ2023 አንደኛ የሆነችው ኦሊቪያ ያገኘችው ወደ 15 ሺህ ነው። ሁለቱም «አንደኛ» ይባላሉ። ከ1,000 ልጅ ስንት እንደሆነ ስንመለከት ነው ዘመናቸው የሚለየው።

እንዲህ ተጣርቶ የሚቀረው ምንድን ነው? በጣም ጠንካራው ምልክት የሐሲዲም (ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ) አይሁድ ሰፈሮች ያሉባቸው ካውንቲዎች ናቸው፦ ሮክላንድ (ሞንሲና ኒው ስኩዌር)፣ ኦሬንጅ (ኪርያስ ጆኤል) እና ኪንግስ (ቦሮ ፓርክና ዊሊያምስበርግ)። ሞሼ፣ ሐይም፣ ኤስተር፣ ኻያ የሚሉት ስሞች መስመራቸው ከዓመት ዓመት ብዙም አይዋዥቅም። ምክንያቱ ይታወቃል፤ የአሽከናዝ (ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ) አይሁድ ልማድ በሞተ ዘመድ ስም መሰየም ስለሆነ ስሙ ከፋሽን ጋር አይወጣም አይወርድም፣ ቤተሰቡም ብዙ ልጅ ስለሚወልድ ቁጥሩ ከወለሉ በላይ ይሆናል። በዚያው ብሩክሊን ያሉት ከሶሪያ የመጡ አይሁድ ግን በሕይወት ባለ አያት ስም ይሰይማሉ፤ አንድ ካውንቲ አንድ ልማድ ብቻ እንዳልያዘ ማሳያ ነው። በስታተን አይላንድ አንቶኒ፣ ጆሴፍና ማይክል ከሌላው ቦታ ይልቅ ጸንተው የቆዩት የመጀመሪያውን ወንድ በአባት አባት ስም ከሚጠሩ የጣሊያን ዘር ቤተሰቦች ጋር የተያያዘ ነው። ጄይደን በተቃራኒው የፋሽን ስም ነው፤ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ የወንዶችን ዝርዝር መርቶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቦታውን ለኢታን ለቀቀ። የልማድ ስምና የፋሽን ስም በአንድ ዓመት ዝርዝር ላይ አይለዩም፤ የአሥር ዓመቱን መስመር ስትዘረጉ ነው ልዩነታቸው የሚወጣው።

አጻጻፍ ሌላው ትልቅ ወጥመድ ነው። ሁለቱም መረጃዎች እያንዳንዱን አጻጻፍ እንደ ተለየ ስም ይቆጥራሉ። ኤይደን መሀሉ በ‹አይ› ወይም በ‹ዋይ›፣ መጨረሻው በ‹ኢ› ወይም በ‹ኤ› ሊጻፍ ይችላል፤ እያንዳንዱም የራሱ መስመር አለው። ሙሐመድ የባሰ ነው። ብዙ ሰው ሳውንዴክስ በተባለው፣ ሲነገሩ ለሚመሳሰሉ ስሞች አንድ ኮድ በሚሰጥ ዘዴ ይሰበስባቸዋል፤ እኔ አልመክርም። ኤይደን የሚያገኘው ኮድ ኤ 350 ነው፤ አዳምም ያው፣ አቴናም ያው። ኬትሊንን ግን በ‹ሲ› ሲጀምርና በ‹ኬ› ሲጀምር ሁለት ስም ያደርገዋል፤ የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ስለሚይዝ ነው። ሙሐመድን ከማማዱ ጋር አንድ ያደርጋል፤ በእርግጥ የምዕራብ አፍሪካው ማማዱ ከሙሐመድ የመጣ ስም ነው፤ ነገር ግን በብሮንክስ ያለውን የምዕራብ አፍሪካ ማኅበረሰብ ከኩዊንስ ባንግላዴሻውያን የሚለየው እሱው ነው። ባንግላዴሻውያኑ ዘንድ ሙሐመድ በሁለት ፊደል፣ በ‹ኤም›ና በ‹ዲ› ብቻ ተጽፎ የመጀመሪያ ስም ሆኖ ሊመዘገብ ስለሚችል እሱንም ለይታችሁ ፈልጉ። የተሻለው መንገድ ሳውንዴክስን ለጥቆማ ብቻ ተጠቅሞ የማዛመጃ ሰንጠረዡን በእጅ መሥራት ነው፦ አንድ ዓምድ ለአጻጻፉ፣ አንድ ለመሠረታዊው ስም፣ አንድ ለማኅበረሰቡ። ልብ በሉ፤ አጻጻፎችን የምትደምሩት ከድብቁ በኋላ ስለሆነ አጻጻፉ የበዛ ስም ሁልጊዜ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የእኛን ስሞች በቀጥታ ይነካል። የሜሪላንድን፣ የቨርጂኒያን ወይም የዋሽንግተን ዲሲን የፌዴራል ፋይል ከፍታችሁ የኢትዮጵያ ስም ብትፈልጉ የምታገኙት ከምትጠብቁት ያንሳል። ሳድስ ፊደል በላቲን አንዴ በ‹አይ›፣ አንዴ በ‹ኢ›፣ አንዴም ያለ አናባቢ ይጻፋል፤ ስለዚህ ብሌን ሦስት ቦታ ትከፈላለች፣ ቅዱስም በ‹ኬ›ና በ‹ኪው› ሁለት ይሆናል። ቤተልሔምን ለመሰብሰብ በ‹ቲ› ብቻና በ‹ቲ-ኤች› የተጻፉትን፣ ከ‹ኤል› በኋላ አናባቢ ያላቸውንና የሌላቸውን ሁሉ ዘርዝሩ። እያንዳንዱ አጻጻፍ በዚያ ዓመት በስቴቱ 5 ካልሞላ አይታይም፤ አራት በአንዱ፣ አራት በሌላው አጻጻፍ ቢሆኑ ስምንቱም ልጆች ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። የፌዴራሉ ፋይል በስም መሀል ያለ ባዶ ቦታንና ሰረዝን ስለሚያጠፋም ሁለት ቃል የሆኑ ስሞችን አገጣጥማችሁ ፈልጉ። ሐና፣ ሩትና ዳንኤል በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ከተመዘገቡ ከሌላው ሕዝብ አይለዩም፤ ሌሎቹንም ብዙዎቹን ከኤርትራውያን ጋር ስለምንጋራ «የኢትዮጵያውያን ብቻ» ብሎ መቁጠር አይቻልም። ብዙ ወላጆች ደግሞ ለትምህርት ቤት የሚቀል የእንግሊዝኛ ስም ከፊት አድርገው የቤቱን ስም ሁለተኛ ያስመዘግባሉ፤ ፋይሉ የሚይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔ በሰንጠረዤ ላይ ከእነዚህ ስሞች ቁጥር ፊት «ቢያንስ» የሚል ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ከላይ ያለውን ወሰን ግን ባዶ ነው የተውኩት።