ዘንግ ይዞ ከሐዋሳ ለሚነሳ፦ የትኛው ሐይቅ ለየትኛው ዓሣ

የባስ አጠማመድ ቪዲዮ አይቶ፣ ባለ ሦስት መንጠቆ የፕላስቲክ ዓሣ ገዝቶ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲወረውር የሚውል ወጣት በዝቷል። ሲመሽ ባዶ እጁን ይመለስና «ሐይቁ ዓሣ የለውም» ይላል። ዓሣማ አለው፤ የሌለው ባሱ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ወደ እኛ ቀረብ ብሎ የሚገኘው ሰው ወስዶ የጨመረበት የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ነው። የሐዋሳ ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ደግሞ ካደገ በኋላ የሚኖረው በአብዛኛው ውኃውን አረንጓዴ በሚያደርገው ደቃቅ እጽዋት ነው። የፕላስቲክ ዓሣ እየጎተቱ ቆሮሶ መጠበቅ ለበሬ ጥብስ እንደ ማቅረብ ነው።

ስለዚህ ከሐይቁ በፊት ዓሣው ይመረጣል፤ ዓሣው ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይታያል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጠባይ ተቀራራቢ ነው። ጠዋት ውኃው ፀጥ ይላል፣ ፀሐይ ስትከር ነፋስ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣል። ዓሣው በዚያ ሰዓት ብቻ ስለሚበላ አይደለም፤ ክሩ ላይ ታስራ ውኃው ላይ የምትንሳፈፈው ቡሽ ማዕበል ላይ ስትዘል የዓሣን ንክሻና የውኃን ንቅናቄ ለይታ ስለማታሳይ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቅ ቦታው 22 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ለዘንግ አጥማጅ መሃሉ አይጠቅምም። የሚፈለገው ፊላው ከክፍት ውኃ ጋር የሚገናኝበት፣ ከ1 እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጠርዝ ነው። ቆሮሶ እዚያ ጥላም ምግብም ያገኛል። ጥልቀቱን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ መንጠቆው ላይ ከበድ ያለ እርሳስ ሰክቶ ቡሿን እየገፉ መጣል ነው። ቡሿ ከሰጠመች ክሩ አጥሯል፤ ተጋድማ ከተንሳፈፈች ክሩ ረዝሟል።

ለቆሮሶ ሪል፣ ማለትም ዘንጉ ላይ የሚገጠም የክር መጠቅለያ፣ አያስፈልግም። ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚሆን የደጋ ቀርከሃ ይበቃል። እርጥቡን ቆርጦ ወዲያው መጠቀም ግን ኋላ ያስቆጫል፤ አንድ ቀን ዓሣ ካወጣ በኋላ እንደ ጎበጠ ይቀራል። ጥላ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ትንሽ ድንጋይ ታስሮበት ሦስት አራት ሳምንት ይድረቅ። ክሩ ከዘንጉ ግማሽ ሜትር ያህል ይጠር፤ እንዲያ ሲሆን ዓሣው ሲነሳ ቀጥታ ወደ እጅ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ክሩና መንጠቆው ላይ ነው። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ወፍራም ክር ለቆሮሶ አይሆንም። 0.18 ወይም 0.20 ሚሊ ሜትር ፈልጉ። ቀጭን ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ የሚለፋው ዘንጉ እንጂ ክሩ አይደለም። መንጠቆው ቁጥር 10 ይሁን፣ ዓሣው ፈሪ ከሆነ 12። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ «ትልቅ ቁጥር ስጠኝ» ብሎ ትልቅ መንጠቆ ይጠብቅ የነበረ ሰው ከሱቅ የሚወጣው ከመርፌ ጫፍ የማትሻል ነገር ይዞ ነው። መንጠቆውን ስታስሩ ክሩን በቀለበቱ አሳልፋችሁ በራሱ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠቅልሉት፤ ጫፉን ከቀለበቱ አጠገብ በተፈጠረው ቀዳዳ መልሱት። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በሰበቃው ይሞቃል፣ የሞቀው ቦታ ይደክማል፣ ትልቁ ዓሣ የመጣ ዕለት የሚበጠሰውም እዚያው ቋጠሮው ላይ ነው።

እርሳሱ ከመንጠቆው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆንጠጥ። መጠኑ የሚለካው በቡሿ ነው፦ ከውኃው በላይ የጥፍር ያህል ብቻ እስክትታይ ድረስ ጨምሩ። ግማሽ አካሏ ውጭ ከሆነ ዓሣው ሲስብ ክብደቷ ይሰማውና ይተፋል።

ለምግብ ትል ጥሩ ነው፤ ሊጥ ደግሞ ርካሽ ነው። ሁለት እፍኝ የስንዴ ዱቄት፣ ጥቂት ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጋችሁ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ እሹት። ሊጥ ከመንጠቆ ላይ እየረገፈ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ትንሽ ጥጥ በጣታችሁ ፈልቅቃችሁ አብራችሁ እሹ፤ ክሮቹ ይይዙታል። በመንጠቆው ላይ የሚቀመጠው ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ። ዓሣውን ወደ ቦታው ለመጥራት ፉርሽካ ከዳርቻው ጭቃ ጋር ለውሶ ብርቱካን የሚያክሉ ሦስት አራት ድቡልቡሎች መጣል ነው፤ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ። ከዚያ በላይ ከጣላችሁ ዓሣውን ጋብዛችሁ አጥግባችሁ መሸኘት ይሆናል።

ቆሮሶ ቡሽ አያሰጥምም፤ ቢያንስ ብዙ ጊዜ። ቡሿ ትንቀጠቀጣለች፣ ወደ ጎን ትንሸራተታለች፣ አንዳንዴም ምግቡን ከታች ስለሚያነሳው ብድግ ብላ ትጋደማለች። የመሳቢያው ሰዓት ያ ነው፤ በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ፣ በቀስታ። ከንፈሩ ስስ ስለሆነ በኃይል የሳበ ይቀደዋል። ቡሿ ያለማቋረጥ እየተርገበገበች ሊጡ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደቃቆቹ ዓሦች ናቸው፤ ሊጡን አተልቁ ወይም ክሩን አርዝሙ። 40 ደቂቃ ምንም ካልነካ ቦታ ከመቀየር በፊት ጥልቀቱን በ30 ሳንቲ ሜትር ቀይሩ።

ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ትይዛለች። ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ እንደ ሳህን የተቆፈሩ ክብ ጉድጓዶች ካያችሁ የወንዶቹ ጎጆ ነው፤ ወንዱ የሚነክሰው ርቦት ሳይሆን ቦታውን ሊጠብቅ ነው። እዚያ ማጥመድ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው አለማጥመድ የሚሻለው። ከአፏ እንቁላል የሚፈስ ከመጣች በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ወዲያው መልሷት። ከስንዝር ያነሰ ቆሮሶም ይመለስ። በዐቢይ ጾም ሰሞን ዓሣ ሲወደድ ይህን ማድረግ ይከብዳል፤ ትንሹም ይሸጣልና።

ያን የፕላስቲክ ዓሣ የገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ሁሉ አልጣለም። ሐዋሳ ውስጥ ለባስ ዘዴ የሚቀርብ አንድ ዓሣ አለ፦ ቢልጫ። ትልልቆቹ ቢልጫዎች ትናንሽ ዓሣ ያሳድዳሉ። ከፕላስቲኩ ይልቅ ከ7 እስከ 10 ግራም የሚመዝን፣ ሲጎተት የሚሽከረከር ብልጭልጭ ብረት ይሻላል። 0.25 ሚሊ ሜትር ክርና ሪል ያስፈልጋል። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ፣ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ብረቱ መሽከርከሩን እንዳያቆም ያህል ብቻ በዝግታ መሳብ ነው። ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጥቁር ውኃ አፍ ይሰበሰባል፤ ያኔ ይተው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትልቅ ቢልጫ ዓሣ በል ስለሆነ በሥጋው ውስጥ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ እንደሚከማች በዚህ ሐይቅ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ቆሮሶውን ብሉ፤ ትልቁን ቢልጫ አታዘውትሩት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ጭራሽ አታቅርቡት።

አምባዛ የማታ ዓሣ ነው፤ የሚመራውም ሽታ ነው። ክር 0.45 ሚሊ ሜትር፣ መንጠቆ 3/0 (ከ«/0» ጋር የሚጻፉት ትልልቆቹ ናቸው)፣ ክሩ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ከ40 እስከ 60 ግራም እርሳስ፣ ምግቡ የዓሣ አንጀት ወይም ጉበት። እርሳሱ ከታሰረ አምባዛው ሲስብ ክብደቱ ይሰማውና ይለቃል፤ መንሸራተት ያለበት ለዚህ ነው። ከመንጠቆው በላይ ያለውን ግማሽ ሜትር በ0.60 ተኩት፤ ጥርሱ እንደ ሞረድ ነው፣ ቀጭኑን ክር አይቆርጠውም፣ ይሞርደዋል። ሲይዝ ክሩ ቀስ ብሎ መሄድ ይጀምራል፤ ሦስት ቆጥራችሁ ሳቡ። በደረቱ ግራና ቀኝ ካሉት እሾሆች ተጠንቀቁ። አየር ስለሚተነፍስ ከውኃ ወጥቶም ለረጅም ሰዓት አይሞትም፤ እንዳይሰቃይ ጭንቅላቱን መትቶ ወዲያው መግደል ይገባል።

ማታ ሲባል ጉማሬ ይነሳል። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፤ አደጋው በእሱና በውኃው መካከል መቆም ነው። ፊላው ውስጥ የተረገጠ ሰፊ መተላለፊያና የተበተነ ፋንድያ ካያችሁ መንገዱ ያ ነው፤ ከዚያ ራቁ። ውኃ ውስጥ ቆሞ ማጥመድም ይቅር፤ ቢልሃርዚያ አለ፣ በቆዳ ነው የሚገባው። የግድ ከሆነ ከጉልበት በላይ የሚደርስ የጎማ ቦቲ አድርጉ።

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ላንጋኖ ይቀድማል። ውኃው ቡናማ ነው፣ ብልጭልጭ ብረት አይታይበትም፤ ትልና የዓሣ ቁራጭ ብቻ። ለዋናና ለድንኳን ከሁሉም ይመረጣል፣ ለዘንግ ግን አማካይ ነው። አጠገቡ ያሉትን አብጃታንና ሻላን እለፏቸው። አብጃታ ውኃው እየሸሸና እየጨወየ ዓሣው አልቆበታል፤ ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ይብራዎች እንኳ ምግባቸውን ሌላ ሐይቅ ሄደው ነው የሚፈልጉት።

ዝዋይ ሌላ ነገር ነው። ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይዞ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ከታች እስከ ላይ ይደፈርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ለቡሽ የማይሆነው ለዚህ ነው። ዝዋይ የሚኬደው ለካርፕ ነው። ካርፕ ሰው ያመጣው ዓሣ ነው፤ ዛሬ እዚያ በብዛት አለ፤ የሚወደው ምግብ ደግሞ በየቤቱ አለ፦ የበቆሎ ንፍሮ። በቆሎውን 24 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀቅሉ። ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት የሚቀደድ ግን የማይፈርስ ይሁን። ከቀቀላችሁበት ውኃ ጋር ሌሊት አሳድሩት፤ ትንሽ ኮምጠጥ ሲል ይበልጥ ይስባል። ጨው አትጨምሩ።

ካርፕ ምግቡን ይመጥና መልሶ ይተፋል፤ መንጠቆው በቆሎው ውስጥ ከተደበቀ አብሮ ይተፋል። መፍትሔው መንጠቆውን ባዶ መተው ነው። ቁጥር 6 መንጠቆ ስታስሩ ከቋጠሮው ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክር ወደ ታች አስተርፉ፤ ሁለት ፍሬ በቆሎ በመርፌ አሳልፋችሁ እዚያ ላይ ስቀሉ፣ እንዳይወጣም ስንጥር ሰክታችሁ ያዙት። በቆሎውን ሲመጥ መንጠቆው ይከተላል፣ ሊተፋ ሲል ከንፈሩን ይይዘዋል። ክር 0.30፣ ሪሉ ላልቶ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያው ሩጫው ረጅም ነው፣ ጠብቆ ካገኘው ክሩን ይበጥሳል ወይም ዘንጉን ይዞ ይሄዳል።

የባስን ኃይል የሚፈልግ ሰው በሻሸመኔና በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይውረድ። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ናይል ፐርች አለ። ትልልቁ የፕላስቲክ ዓሣ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፦ ከ12 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር፣ መንጠቆዎቹ ወፍራም ብረት። ከፋብሪካ የሚመጡት ቀጫጭን መንጠቆዎች እንደ ሽቦ ስለሚቃኑ አስቀድማችሁ ቀይሯቸው። 30 ኪሎ የሚችል የተገመደ ክር፣ ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን 1 ሚሊ ሜትር ናይለን። የፐርች ጥርስ ክር አይቆርጥም፣ የጉንጩ ክዳን ጠርዝ ግን ምላጭ ነው፤ ሲይዙትም ጣት እዚያ አይግባ። ነብር ዓሣም ስላለ ክራችሁ በንጽሕና ተቆርጦ ከመጣ እሱ ነው፤ ያኔ የሽቦ ጫፍ ጨምሩ።

ፐርች ሲይዝ ከውኃ በላይ ዘሎ ራሱን ያራግፋል። በዚያች ቅጽበት ክሩ ከላላ መንጠቆው ይወድቃል። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርጋችሁ መጠቅለሉን ቀጥሉ፤ ወደ ላይ ማንሳት ዝላዩን ያግዘዋል።

ጫሞ ላይ ከዳርቻ አይጠመድም፤ አዞ አለ፣ ቀልድ የለም። ጀልባ ከነባለሙያው ተከራዩ፣ የሕይወት ጃኬት ሳታዩ አትሳፈሩ፣ እጅና እግር ከጀልባው ጠርዝ አይውጣ። ከፊሉ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ፈቃዱን ዋዜማውን ጨርሱ፤ ጠዋት ቢሮ እስኪከፈት መጠበቅ ደጉን ሰዓት ይበላል። ንጋት 12 ሰዓት ውኃ ላይ ሁኑ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ዓሣው እየያዘም ቢሆን ዙሩ። ነፋሱ ከተነሳ በኋላ የመልሱ ጉዞ ማዕበሉን ፊት ለፊት ከሆነ ትንሽ ሞተር አይገፋውም።